ሃያ ደቂቃ

ባለፈው ዙር የመጣው የምዘና ቡድን ደሴ ባለው የኩላሊት እጥበት ክፍላችን ውስጥ ግማሽ ቀን ቆየ። አልጋ ቆጠሩ፣ ማሽን ቆጠሩ፣ መታጠቢያው ላይ ሳሙና መኖሩን አዩ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የታካሚ መብትና ግዴታ በስልካቸው አነሱ። ከዚያ አንደኛው ወጣት ወደ አንድ ሽማግሌ፣ ወደ ሐጂ፣ ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ሐጂ ክንዳቸው ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ ፈገግ አሉና «አልሐምዱሊላህ! ምን ይወጣለታል፤ ልጆቹ የተባረኩ ናቸው» አሉት። ወጣቱም «በጣም ጥሩ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ።

እኔ ከሐጂ ጀርባ ቆሜ የማሽኑን ስክሪን እያየሁ ነበር። በዚያ ቀን ውሃ ጠፍቶ ሥራ የጀመርነው ከሰዓቱ 35 ደቂቃ ዘግይተን ነው። ሐጂ ይህን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ቅጹ ግን ስለ ደቂቃ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

ስለ ሐጂና ስለ ሌሎቹ ታካሚዎቼ ስጽፍ ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ። የሚያሳስበኝን ነገር ግን አልቀየርኩም፦ በእኛ አገር የእርካታ መጠይቅ አይሠራም። ወሎ ትኩሳቱ አርባ ገብቶ እንኳ «ደህና ነኝ፣ አብሽሪ» እያለ አካሚውን የሚያጽናና ሰው አገር ነው። በዚያ ላይ የእጥበት ታካሚ ከሌላው ታካሚ ይለያል። ያቺ ወንበር ሕይወቱ ናት። ወንበሯን የያዘለትን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ምስጋናው የልባቸው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሳልቀበለው ያለፍኩበት ቀንም የለም። የእጥበቱን ጥራት ግን አይነግረኝም።

ታዲያ ምን ይነግረኛል? እኔ ከደቂቃ እጀምራለሁ።

ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል። አይተኛም፣ በዓል አያከብርም። ማሽኑ ይህንን ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት አራት ሰዓት፣ በድምሩ በ12 ሰዓት ሊሠራው ይሞክራል። እኛ ጋ ደግሞ ብዙው ሰው በገንዘብም በወንበር እጥረትም የሚታጠበው ሁለት ቀን ነው፤ 8 ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ ላይ የሚቆረጥ ትርፍ ሰዓት የለም።

ይቆረጣል ግን። ሐጂ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዞ ነው የሚወርደው፣ ከ2500 ሜትር አካባቢ ወደ 1850 ሜትር ገደማ። ጤነኛውን ሰው ጆሮውን ደፈን ቢያደርገው ነው። አሁን ከማሽን ለተነሳ፣ ግፊቱ ለወረደ፣ ባቱን ለሚያሸማቅቀው ሰው ግን ያ ቁልቁለት ሌላ ሕመም ነው። ሲመሽ ደግሞ መኪናው ይሳሳል። ስለዚህ ሐጂ የእጥበታቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሱ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። «ልጄ፣ ዛሬን ሃያ ደቂቃ ማሪኝ። መኪና አጣለሁ።»

እምራቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ልመናውን እኛም አንጠላውም። የሚቀጥለው ተራ ታካሚ ኮሪደር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ማሽኑ መታጠብ አለበት፤ ከጧት ጀምሮ የቆመች ነርስ ምሳ አልበላችም። ለማኙም ተለማኙም አንድ ነገር ሲፈልጉ እምቢ የሚል አይኖርም። ሐጂ መርቀውኝ ይወጣሉ።

አንድ ማታ ግን ሂሳቡን በወረቀት ሠራሁት። ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 52 ሳምንት፦ 2080 ደቂቃ። ወደ ሰዓት ሲመለስ 34 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ለአራት ሰዓት ሲካፈል ከስምንት እጥበት ይበልጣል። ሐጂ በዓመት አንድ ወር ያህል ሳይታጠቡ ከርመዋል ማለት ነው፤ በእኔ ምሕረት። በሰውነታቸው ይዘው የመጡት ውሃም አለ። ሦስት ኪሎ ውሃ ይዞ የመጣ ሰው ጊዜው ሲያጥር ሁለት ዕጣ ብቻ ነው ያለው፦ ወይ ውሃው በፍጥነት ተስቦ ግፊቱ ዱብ ይላል፣ ወይ ከፊሉ ሰውነቱ ውስጥ ቀርቶ ሌሊት ሲተኛ ትንፋሹን ያፍነዋል።

ይህን ለመቆጣጠር የላቦራቶሪ መለኪያ አለን። ደም ከእጥበት በፊትና በኋላ ይወሰድና የዩሪያው መጠን ይነጻጸራል፤ ቢያንስ 65 በመቶ መውረድ አለበት። መለኪያው ሲወጣ ግን የታሰበው በሳምንት ሦስት ቀን ለሚታጠብ ሰው ነው፤ በሁለት ቀን ታካሚ ካርድ ላይ 65 አይቶ መተኛት ራስን ማታለል ነው። ደግሞም ቁጥሩ በቀላሉ ይዋሻል። የኋለኛው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ፓምፑ ቀስ እንዲል መደረግ አለበት። ካልተደረገ፣ ታጥቦ የተመለሰው ንጹሕ ደም ከናሙናው ጋር ሊቀላቀልና ውጤቱን ሊያሳምረው ይችላል። በአንድ ካርድ ላይ ከ80 በላይ ያየሁ ቀን ሳልደሰት ናሙናውን የወሰደችውን ልጅ ጠራኋት። «ፓምፑን ቀንሰሽ ነበር?» አልኳት። «መቀነስ አለበት እንዴ?» አለችኝ። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ማሽኑ ወደሚጠቀምበት ውሃ ልመለስ፤ የከበደኝ እሱ ነው። ማሽኑ ውስጥ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያልፋል። በአራት ሰዓት 120 ሊትር ነው፤ ስድስት ጀሪካን በሉት። እኔና እናንተ የምንጠጣው ውሃ በሆድ በኩል ያልፋል፤ የማይረባውን አንጀታችን ያስቀረዋል፣ ያለፈውንም ኩላሊታችን ያስወጣዋል። ታካሚዬን ግን ከዚያ 120 ሊትር የሚለየው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽፋን ብቻ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ አንድ የእጥበት ክሊኒክ በቦቴ የመጣ፣ በሚገባ ያልተጣራ ውሃ ተጠቀመ። ውሃው ውስጥ አረንጓዴ አልጌ መሰል ባክቴሪያ የሚያመርተው መርዝ ነበረበት። ከ50 በላይ ታካሚዎች ጉበታቸው ተመርዞ ሞቱ። ማሽኖቹ አልተበላሹም ነበር።

ደሴ የውሃ ፈረቃ ከተማ ናት። ቧንቧው ሲመጣ ሮቶ እንሞላለን፤ ሲጠፋ ከሮቶ እንኖራለን። ውሃው ክሎሪን አለበት፣ ሊኖርበትም ይገባል፤ ለከተማው ሕዝብ ጠባቂው ክሎሪን ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰባብራል። ስለዚህ ውሃው በካርቦን ማጣሪያ ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ ከእያንዳንዱ ተራ በፊት በመመርመሪያ ወረቀት ይለካና ይመዘገባል። በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።

ያ የምዘና ቡድን ከመምጣቱ በፊት መዝገቡን ላሰናዳ ገለጥኩት። የወሩ ሠላሳ ቀን ሁሉ ዜሮ ይላል፤ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ። መጋዘን ሄጄ የመመርመሪያ ወረቀቱን ቢን ካርድ (የክምችት መዝገብ) አየሁ። ወረቀቱ የወሩ 14ኛ ቀን ላይ አልቋል። ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ያሉት ዜሮዎች ከየት መጡ? ከታች ያለው የተቆጣጣሪ ፊርማ የኔ ነው። ሳላነብ ፈርሜያለሁ። በዚያ ወር ሰው አልተጎዳም፤ ይህን የምለው ግን እንደ ዕድል እንጂ እንደ ሥራ ውጤት አይደለም።

መዛኞቹ ያንን መዝገብ አገላብጠው ለውሃ ጥራት ሙሉ ነጥብ ሰጡን። እኔም ዝም አልኩ። አሁን ክፍላችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ፦ ያልተለካ ቀን ባዶ ይተዋል። መዝገባችን እንደ ጥንቱ አያምርም፤ ቀዳዳ አለው። ሌላ ክፍል ለመመዘን ስሄድ ከማሽኑ በፊት የማየው የእስክሪብቶውን ቀለም ነው።

የምዘና ነገር ከተነሳ፣ አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የእጥበት ማዕከል እንደ ሆቴል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ታማሚው ሰፈሩ ካሉት አወዳድሮ ይመርጣል። እኔ በኮከቡ ብዙም አልቀናም። ከደሴ ወጥቶ ሌላ ለመምረጥ ሩቅ መንገድ መሄድ ያለበት ሰው ኮከብ ምን ያደርግለታል? ከኮከቡ ጀርባ ያለውን ቆጠራ ግን እፈልገዋለሁ። ስንት ሰው በአንገት ካቴተር ከሦስት ወር በላይ ቆየ? ስንቱ ሆስፒታል ተኛ? ከሚጠበቀው በላይ ስንት ሰው ሞተ? ብለው ይጠይቃሉ። የቀረውንም ይቆጥራሉ ማለት ነው። እኛ የምንቆጥረው የመጣውን ነው። መዛኙ ወንበር ላይ ያገኘውን ሰው ይጠይቃል፤ ወንበር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቢያንስ መምጣት የቻለ ነው።

እኛ ጋ በ2001 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል የዘወትር እጥበት ሲጀመር የሚችለው ባለገንዘብ ነበር። ዛሬ ማሽኑ ወደ ክልል ወርዷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ግን ሲጀመር የዘወትር እጥበትን ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል። በጉንፋን የማይከስር ቤተሰብ በኩላሊት በሬውን ይሸጣል። በሬው ያለቀ ቀን ታካሚው አይሰናበትም። ዝም ብሎ ይቀራል።

በ2014 ዓ.ም ከጥቅምት 20 ገደማ እስከ ኅዳር 27፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት በተያዙባቸው አምስት ሳምንታት ሆስፒታል ተዘርፏል፣ መንገድ ተዘግቷል። እጥበት ለሚያስፈልገው ሰው አምስት ሳምንት ምን እንደሆነ ለሙያው ሰው አይነገርም። ሽንት ጨርሶ የማይወርደው ሰው ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው። ከዚያ ወዲህም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኮሪደሩን አያለሁ፤ ማን እንደጎደለ ከጋቢው አውቃለሁ።

ስለዚህ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ማን ቀረ፣ ለምን። ስልክ እንደውላለን። «ለቅሶ ነበር»፣ «ፀበል ገብቷል»፣ «ሼኹ ጋ ዱዓ ላይ ነው»፣ «ገንዘብ እስኪገኝ»፣ «አዲስ አበባ ልጁ ጋ ሄዷል»። ፀበል ገብቷል ሲሉኝ አልቆጣም፤ የእጥበት ቀኑን ብቻ እንዳይዘልል እለምናለሁ። አንዳንዴ ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳዋል፤ ከድምፁ አውቄ እግዜር ያጽናችሁ እላለሁ፣ ደብተሩ ላይ መስመር አሰምራለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ሳገላብጠው፣ በመኪና ምክንያት የቀሩትም ደቂቃ የሚለምኑትም አብዛኞቹ የከሰዓት ተራ ያላቸው የኮምቦልቻና የቃሉ ሰዎች ናቸው። እነሱን ወደ ጧት አዞርናቸው፤ የደሴዎቹን ወደ ከሰዓት። አልጋ አልተጨመረም፣ ማሽን አልመጣም። የደሴዎቹ የሙጋድና የሰኞ ገበያ ሰዎች ትንሽ አጉረመረሙ፤ በአገራችን ቅሬታ የሰማሁበት ብርቅ ቀን ነው። ለገንዘቡ ግን ደብተሩ ምንም መላ አላመጣም። ያ ዓምድ ዛሬም ይረዝማል።

ሐጂም ጧት ሆኑ። ሆኖም ልማድ ነውና ሃያ ደቂቃቸውን መለመን አልተዉም። አንድ ቀን ካርዳቸውን አምጥቼ የዓመቱን ሂሳብ ልሠራላቸው ጀመርኩ። ዕድሜያቸውን በእህል ንግድ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ 2080ን ሳልነግራቸው ራሳቸው አባዝተው ደረሱበት። ዝም ብለው ቆዩና «ይህማ ሚዛን ማጉደል ነው» አሉ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ሐሙስ እጥበቱ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሐጂን ፓምፕ በእጅ መዘወሪያው ሳዞር ቆየሁ። ማሽኑ ሰዓቱን ሞልቶ ሲጮህ መርፌውን ልነቅል ጓንት አጠለቅኩ። ሐጂ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

«ሰባት ደቂቃ ይቀርሻል» አሉኝ።

«መኪናውስ ሐጂ?»

«ጠብቅ ብዬዋለሁ።»