የአንድ ዘመን መኪና፦ ብራውን ቢጂፒ 001

በፎርሙላ ዋን ታሪክ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተሠርተው ካለፉ መኪኖች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተወዳደረችው ብራውን ቢጂፒ 001 ልዩ ክብር ይገባታል። የጃፓኑ ሆንዳ በዓለም የገንዘብ ቀውስ ሳቢያ በ2008 መጨረሻ ከውድድሩ ሲወጣ፣ የቡድኑ መሪ ሮስ ብራውን በእንግሊዝ ብራክሌይ የሚገኘውን ቡድን በ1 ፓውንድ ተረከበ፤ ለሆንዳ ሞተር የተነደፈው የመኪናዋ አካልም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመርሴዲስን ሞተር እንዲቀበል ተስተካከለ።

የጥንካሬዋ ዋና ምንጭ ድርብ ዲፊውዘር ነበር። ዲፊውዘር ከመኪናው ወለል በታች፣ በኋላ በኩል እየሰፋ የሚሄድ የአየር መውጫ ሲሆን፣ ከሥር የሚያልፈው አየር እንዲፈጥንና ግፊቱ እንዲቀንስ ስለሚያደርግ መኪናው ወደ መሬት ይሳባል፤ ጎማዎቹም በመታጠፊያ ላይ አስፋልቱን አጥብቀው ይይዛሉ። የ2009 ደንብ የዚህን ክፍል መጠን ቢገድብም፣ መሐንዲሶቹ ከመጀመሪያው በላይ ሁለተኛ የአየር መተላለፊያ ጨመሩበት። ቶዮታና ዊልያምስም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለው ነበር፤ ተፎካካሪዎች ያቀረቡትን አቤቱታ የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን የይግባኝ ችሎት ውድቅ አደረገው፤ ውሳኔውም ትክክለኛ ነበር፣ ምክንያቱም ደንቡን በጥልቀት ማንበብ ራሱ የምሕንድስና ሥራ ነው።

የቡድኑ አሽከርካሪ ጄንሰን በተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ መኪናዋን የሚያሻሽልበት ገንዘብ ስላነሰው ሌሎች ደረሱበት፣ በተንም በዚያ ዓመት ዳግመኛ አላሸነፈም። የቡድን አጋሩ ሩበንስ ባሪኬሎ 2 ድል ሲጨምር የበተን የዓለም ሻምፒዮንነትና የቡድኑ ዋንጫ ተረጋገጡ። በዓመቱ መጨረሻ መርሴዲስ ቡድኑን ገዛው፤ ከ2014 እስከ 2021 በተከታታይ የተገኙት 8 የቡድን ዋንጫዎችም ከዚያው ከብራክሌይ የወጡ ናቸው።