ያውቁ ኖሯል? የደጋ ቤት ወጪ ከምድጃው ይጀምራል

በመንዝና በግሼ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱን ያውቁ ኖሯል? ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ ውስጡ ያለው ሙቀት ግን ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ በግሼዋ ራቤል ባቄላና አተር የሚቀቅል ሰው ቆላ ካለው ዘመዱ ይልቅ ብዙ እንጨት ይፈጃል። መላው ቀላል ነው፤ እህሉን ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን መቀነስ ነው። የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የተጨመረው እንጨት የሚያተርፈው እንፋሎት ብቻ ነው።

እርጥብ እንጨት ሲነድ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ለድስቱ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ያንን ውሃ አፍልቶ እስኪያተን ድረስ ለድስቱ የሚተርፈው ሙቀት ጥቂት ነው። ጭሱም ለዓይንና ለሳንባ ይተርፋል። ተፈልጦ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተደርድሮ፣ ከዝናብ ተከልሎ የከረመ እንጨት ግን ያው እንጨት ሆኖ ብዙ ምጣድ ያወጣል።

ኩበት የሚያነድ ገበሬ ከራሱ ማሳ ላይ ማዳበሪያ እያቃጠለ እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ይህን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ዛፍ በተመናመነበት ደጋ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት፣ እናቶች ከኩበት ሌላ ምን ያንድዱ? ግን ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። እበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይዞ ይቀራል፤ ገብሱ ቅጠል የሚያወጣበትና የሚለመልምበት ናይትሮጅን ግን የለም። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። ገበሬው በምድጃ ያጣውን ናይትሮጅን ሲዘራ በዋጋ ይገዛዋል። ስለዚህ ከኩበቱ ክምር ግማሹን እንኳ ማትረፍ የተቻለበት ቤት ፍጉ ለጓሮው፣ ገንዘቡ ለቤቱ ይቀራል።

ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ሊቆጥብ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ስሙ ለማሞገስ የተሰጠ ቅጽል አይደለም፤ ምድጃው ራሱ የሚጠራበት ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፈዋል። በጉልቻ ላይ ነፋስ የሚበትነው ነበልባል እዚህ ታፍኖ ከምጣዱ ሥር ይዞራል። ከኋላው ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት ማስቀመጫ አለው፤ እንጀራው ሲጋገር በተረፈው ሙቀት ወጡ ይሞቃል ወይም ውሃ ለብ ይላል። ለከሰል ተጠቃሚ ደግሞ ላቀች አለች፤ ውስጧ በሸክላ ስለተለበጠ ሙቀት ትይዛለች፣ ከተራው የብረት ከሰል ምድጃ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ታድናለች። ምርጥ ምድጃ ሲገዙ ምጣድዎ ልክ መግጠሙን ያረጋግጡ፤ በጠርዙ በኩል ክፍተት ከቀረ ያተረፉት ሙቀት በዚያው ሾልኮ ይወጣል።

መብራት የገባለት ሰው አንድ ሰዓት በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያጠፋው ኃይል አንድ ኤልኢዲ አምፖል ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ያውቁ ኖሯል? 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል ባለ 9 ዋቱን አምፖል 389 ሰዓት ያህል ያበራል። ማታ ማታ ለአራት ሰዓት ቢበራ ከሦስት ወር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ መብራት በማጥፋት ብቻ የሚቆጥብ ሰው ዋናውን ወጪ አላየውም። ምጣዱ ቀዝቅዞ ዳግመኛ ሲጋል ብዙ ኃይል ይፈጃል። ሊጡን አንድ ጊዜ አድርሶ በተከታታይ መጋገር፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በተራ መጋገር፣ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በተረፈው ሙቀት እህል ማመስ፣ እያንዳንዱ ከቆጣሪው ላይ ይታያል። የኤሌክትሪክ ታሪፉም የፍጆታው መጠን ሲጨምር ከፍ ስለሚል ቁጠባው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ያ አሮጌው 60 ዋት አምፖል ካለዎትም ዛሬ ይቀይሩት፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ተመጣጣኝ ብርሃን ይሰጣል።

ባቄላ በራሱ ማዳበሪያ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? ሥሩን ነቅለው ቢያዩት ትናንሽ እባጮች አሉበት፤ አንዱን በጥፍር ሲከፍቱት ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ከባቄላ በኋላ የተዘራ ገብስ ከገብስ በኋላ ከተዘራው ይልቅ ያነሰ ማዳበሪያ ይፈልጋል። የደጋ አባቶች ሰብል የሚያፈራርቁት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤን ወደሚሞላው ልምጣ። ከግሼ ብዙም በማይርቀው በጓሳ ሣር ላይ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሳቸው ሕግ እንደነበራቸው ያውቁ ኖሯል? ቄሮ ይባል ነበር። ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የጓሳ መሬት ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ አድጎ ሲበቃ በበጋ ይከፈታል፣ ሰውም ተራውን ጠብቆ ያጭዳል፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይታገዳል። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። የታጨደው ጓሳ ጣሪያ ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ ለእረኛ የዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። ለቤት የሚያስፈልገው ብዙ ዕቃ ያለ ገንዘብ ከዚያ ይገኝ ነበር፣ ሣሩም አላለቀም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት አፈረሰው። ኅብረተሰቡ ግን ጓሳን አልተወውም፤ ዛሬም በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። እኔ እንደማምነው ስለ ቁጠባ በአገራችን የተሰጠ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

የመንዝ በግ ከሥጋው በተጨማሪ ሱፍ ሰጪ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ከጸጉሩ እየተፈተለ የሚሸመነው ባና በብርድ ሌሊት ምን እንደሆነ የደጋ ሰው ያውቀዋል። ከገበያ የሚገዛው ርካሽ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ሲያረጅ የሚጣለው የማይበሰብስ ፕላስቲክ ነው። የራስ በግ፣ የራስ ፈትል፣ የአካባቢ ሸማኔ ያለበት ቤት ገንዘቡ ከአጥቢያው አይወጣም።

ባዮጋዝ ለደጋ እንደ ቆላው እንደማይቀና ያውቁ ኖሯል? ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፣ ጥሩ ነገርም ነው፤ እበቱ ጋዝ ከሰጠ በኋላ እንኳ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል። ግን ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሙቀት ይፈልጋሉ፣ በብርድ ይደክማሉ። ለማሠራት የሚያስብ የደጋ ሰው ከብቶቹ በቂ እበት መስጠታቸውን፣ ጉድጓዱም ከብርድ የሚጠበቅ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ንጹሕ መስሎ የሚታይ የምንጭ ውሃ ለማፍላት የሚነደውን እንጨት ፀሐይ ልታተርፍልዎ እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? ያልደፈረሰ ውሃ በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ማጋደም አብዛኞቹን በሽታ አምጪ ጀርሞች ይገድላል። ሰማዩ ከተጋረደ ሁለት ቀን ይቆይ። ለደፈረሰ ውሃ ግን አይሠራም።

ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በአንድ ዝናብ ስንት ጀሪካን እንደሚያገኝስ? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 800 ሊትር ይሆናል፣ ማለትም 40 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ከፊሉ ቢባክን እንኳ 30 ያህሉ ይተርፋል፤ ለልብስ፣ ለከብትና ለጓሮ አትክልት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ጣሪያው እስኪታጠብ ይፍሰስ፣ ከዚያ በርሜሉን ከቦዩ ሥር ያስገቡ፣ በክዳንም ይሸፍኑት።