«ቴስተርሽስ ይሠራል?»

ሥልጠናው የተጀመረ ቀን ስልኬን መቶ በመቶ ቻርጅ አድርጌ ነው የሄድኩት። ምን እዋሻለሁ? ከነፋስ ተርባይን ጫፍ ላይ የሚነሳ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ስንት ላይክ እንደሚያመጣ እያሰላሁ ነበር። ስምንት ነን፤ ስምንታችንም አንገታችንን ወደ ላይ ቀልብሰን ቆመናል። አሰልጣኛችን መጡ፣ ስልኮቻችንን በካርቶን ሰበሰቡና ወደ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አስገቡን። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስምንት የደህንነት ቀበቶዎች ተዘርግተዋል።

«የዛሬ ከፍታችሁ ይሄ ጠረጴዛ ነው» አሉን።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቀበቶ ብቻ ስናገላብጥ ዋልን። ስፌቱ ተተርትሯል? ዘለበቱ ይገጥማል? የተቃጠለ፣ ቀለም ወይም ዘይት የነካው ቦታ አለ? የተመረተበት ቀን ይነበባል? ከምሳ በኋላ ደግሞ መልበስ። ማውለቅ። እንደገና መልበስ። ቀበቶ መልበስ ይህን ያህል ያስቸግራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእግሩ ማሰሪያ ከላላ ስትወድቂ ይጎዳሻል፣ ከጠበቀ መሰላሉን አያስወጣሽም። ያን ቀን ተርባይኑን የነካ ሰው የለም።

ያደግኩት አዳማ ነው። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ ከተማችን የመጣ ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ተርባይኖች ሳያያቸው አይቀርም። እኔ ልጅ ሆኜ ነው የተተከሉት። አዳማ 1 የሚባለው በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ሲሆን 34 ተርባይኖች አሉት፣ አቅሙም 51 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ 2 በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ ሌላ 102 ተጨመረ፣ 153 ሜጋ ዋት። በመካከሉ በ2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ ተመርቋል፤ 84 ተርባይን፣ 120 ሜጋ ዋት። አሸጎዳ ከሚገኙት 30ዎቹ ባለ ሁለት ክንፍ ናቸው። ፎቶአቸውን መጀመሪያ ሳይ አንዱ ክንፍ ተሰብሮ የወደቀ መስሎኝ ነበር። አሠራራቸው ነው እንጂ አልተሰበረም።

ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪሲቲ ተማርኩ፣ ሌቨል 4 ጨርሼ ሲኦሲ አለፍኩ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት መስመር ስዘረጋ ቆየሁ። የሠልጣኝ ቅጥር ማስታወቂያ ሳይ ዓይኔን አላሸሁም።

ወደ ላይ መውጣቱን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ቶሎ ልጨርሰው። መሰላሉ ውጭ ላይ አይደለም፣ በብረት ግንዱ ውስጥ ነው ያለው። ከ60 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በየመሐሉ ማረፊያ ወለሎች አሉ። ሊፍት ያላቸው ተርባይኖች አሉ፣ የሌላቸውም አሉ። ስትወጣ ደረትህ ላይ ያለው መያዣ በመሰላሉ መሐል ባለው ሐዲድ ላይ አብሮህ ይንሸራተታል፣ ከተንሸራተትክ ቀጥ ብሎ ይይዝሃል። ጥበቡ በእጅ አለመጎተት ነው። የሚሠራው እግር ነው። በእጁ የሚወጣ ሰው ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔን ጠይቁኝ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ጫፍ የደረስኩ ቀን መጀመሪያ ያስተዋልኩት ውበቱን አይደለም። ማማው ይወዛወዛል! ሲሠራም እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ይህን ግን ሆዴ አልተነገረውም ነበር።

ከመሰላሉ የበለጠ ያስቸገረን አንድ የሥልጠና ጓደኛችን ነው። ፈርቶ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ጭራሽ አይፈራም። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ግንባታ ላይ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ፎቅ አጠና ላይ ያለ ምንም ገመድ ሲሠራ የኖረ ልጅ ነው። እኛ አንዷን እርምጃ ስናስብ እሱ ጫፍ ደርሶ ይጠብቀናል። የመጀመሪያው ሕግ ሁለት መንጠቆ ነው፤ አንዱን ከመፍታትህ በፊት ሌላው መታሰር አለበት፣ መቼም ቢሆን በአንዱ ትታሰራለህ። እሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ፈትቶ ይሻገራል። ስድስት ጊዜ ነው መሬት የወረደው። አሰልጣኛችን አይቆጡም፣ ከታች ሆነው በሬድዮ «ውረድ፣ እንደገና» ይሉታል፣ በቃ። አንድ ቀን ሻይ ላይ ለእኔ «ከእናንተ ሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ የሚፈራ ሰው መንጠቆውን አይረሳም» አሉኝ።

የእኔ ተራ ደግሞ በሙያዬ ነው የመጣው። በማላውቀው ቢሆን ባልከፋኝ።

ተርባይን ላይ ኤሌክትሪክ ከመነካቱ በፊት መቆለፍ አለ። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተህ የራስህን ጓጉንቸር ትቆልፍበታለህ፣ ስምህ የተጻፈበት ካርድ ታንጠለጥላለህ፣ መክፈቻው ኪስህ ውስጥ ይገባል። አብሮህ የሚሠራውም የራሱን ይቆልፋል። አለቃም ቢሆን የሌላ ሰው ቁልፍ አይከፍትም። ከቆለፍክ በኋላም ወዲያው አትነካም፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች መስመሩ ተቋርጦም ኮረንቲ ይዘው ስለሚቆዩ በጽሑፍ የተቀመጠውን ደቂቃ ትጠብቃለህ። ከዚያ በቴስተር ትለካለህ።

የመለማመጃ ቦርዱ ላይ ይህን ሁሉ አደረግኩ። አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ካርዴን ሰቀልኩ፣ ጠበቅኩ፣ ሦስቱንም ፌዝ ለካሁ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። «ኮረንቲ የለም» አልኩ፣ ድምፄ ውስጥ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ኩራት እንዳለበት እኔም ይሰማኛል።

«ቴስተርሽስ ይሠራል?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ቴስተሩን ከእጄ ወስደው እዚያው አጠገቤ የጋዜጣ መሳይ መብራት የተሰካበት፣ ኮረንቲ እንዳለው ሁላችንም የምናየው ሶኬት ላይ ሰኩት። ዜሮ። ጠዋት እኛ ከመግባታችን በፊት ፊውዙን አውጥተውታል። ቀጥለው የራሳቸውን ቴስተር ኪሳቸው ውስጥ አወጡና የእኔን «የሞተ» ቦርድ ለኩ። ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ላይ ጮኸ። ከኋላ በሌላ መስመር አገናኝተውት ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው የምታውቀው ቦታ ላይ ቴስተሩን ትሞክራለህ፤ ከዚያ የምትሠራበትን ትለካለህ፤ ከዚያ ተመልሰህ ያው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ትሞክራለህ፣ በመሐል ሞቶ እንዳይሆን። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ እኮ። ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ሁለት ዓመት ግን አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ሙሉ ቴስተሬ ሠርቷል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። የሰው ቤት የገባሁባቸውን ቦርዶች አንድ በአንድ ሳስታውስ ነው የዋልኩት።

ሌላው ሥልጠና ብሎን ነው። ተርባይን ማለት በብሎን የተያያዘ ነገር ነው፤ የማማው ክፍሎች እርስ በርስ፣ ክንፎቹ ከእምብርቱ ጋር። እያንዳንዱ በተወሰነለት ኃይል በሃይድሮሊክ መፍቻ ይጠብቃል፣ ከዚያ ብሎኑና ብረቱ ላይ በቀለም አንድ መስመር ይሰመራል። በሚቀጥለው ጉብኝት መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ርካሽ ቀለም ነው፤ እንዲህ የምወደው መሣሪያ ግን የለም። ከታች ሲታይ ዝግ ብሎ የሚዞር ለሚመስለው ደግሞ አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ፤ የአዳማዎቹ ክንፎች የሚያካልሉት ክብ ስፋቱ 77 ሜትር ነው፤ ይህ በደቂቃ 17 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል።

አዳማ 1 እና አዳማ 2 ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያዎቹ ካምቢዮ የላቸውም፤ ክንፉ ጀነሬተሩን በቀጥታ ነው የሚያዞረው። የሁለተኛዎቹ ካምቢዮ አላቸው፣ ስለዚህ የዘይት፣ የማጣሪያና የማርሽ ሥራ አለ። እኔ ከሠለጠንኩባቸው መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ብቻ ነበር። ስልካችንን በካሜራ እያስተረጎምን እናነብ ነበር፤ አንድ ጊዜ «ዝጋ» የሚለውን «ክፈት» ብሎ ሲተረጉም ያዝነውና ከዚያ ወዲህ ስዕሉን ሳናይ አናምነውም።

ከሁሉም ያደከመኝ ማዳን ነው። ቀበቶው ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይከማቻል፣ ቶሎ ካልወረደ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከታች የሚደርስልህ መሰላል የለም። የሚያወርድህ አብሮህ የወጣው አንድ ሰው ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን አሻንጉሊት እያንጠለጠልን እናወርዳለን። ከዚያ እርስ በርሳችን። እኔን ያወረደኝ ያ አጠና ላይ ያደገው ልጅ ነው። ገመዱን ሦስት ጊዜ ሲፈትሽ ከላይ አየሁት።

«ሰርተፍኬቱስ?» ለምትሉኝ። በዓለም ላይ ብዙ ቀጣሪዎች የሚጠይቁት ጂደብሊውኦ የሚባለውን ነው። መሠረታዊው የደህንነት ክፍል የመጀመሪያ እርዳታ፣ የክብደት አነሳስ፣ የእሳት አደጋና ከፍታ ላይ መሥራት ነው፤ ባሕር ላይ ለሚሠራ ደግሞ የባሕር ላይ ነፍስ ማዳን ይጨመርበታል። የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። እናቴ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ልትሰቅለው ስትል ቀኑን አሳየኋት። «የሚያልፍበት ዲፕሎማ!» አለች።

ሥራው በሽ ነው ብዬም አልዋሻችሁም። ቲክቶክ ላይ «በአሜሪካ በፍጥነት የሚያድግ ሙያ» ሲባል ትሰማላችሁ፣ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ ትልቅ አገር ሥራው ላይ የነበሩት 11 ሺህ ገደማ ሰዎች ናቸው። እኛ ጋ አዳማ 1፣ አዳማ 2 እና አሸጎዳ ተደምረው 220 ተርባይን ነው። አይሻና አሰላ ሲጨመሩም ለሺዎች የሚበቃ ወንበር አይታየኝም። ኤሌክትሪኩን ወይም ሜካኒኩን አጥብቆ የያዘ ሰው ግን ተርባይን ባያገኝ ፋብሪካ አያጣም።

አሁን ወደዚያች ጠዋት።

የሙከራ ጊዜዬ ላይ ነበርኩ። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይላል፤ እኔ አርባዎቹ ውስጥ ነኝ። አያቴ አርፋ ሦስት ሌሊት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስኩ። አንድ ተርባይን ቆሟል፣ ነፋሱ ጥሩ ነው፤ ነፋስ እያለ የቆመ ተርባይን ደግሞ አለቃን ያንገበግባል። ቀበቶዬን ለበስኩ። ጓደኛዬ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸሩን ቆለፈ፤ እኔም የራሴን አወጣሁ። ከዚያ ቀበቶዬን መፈተሽ ጀመርኩና የግራ እግሬን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ፈትሼ ሁለቱንም ጊዜ እንዳልፈተሽኩት ሆነብኝ።

«ዛሬ አልወጣም» አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። አሰልጣኛችን ይህን ቃል ከመሰላሉ በፊት ጮክ ብለን እንድንለው ያስለማምዱን ነበር፣ በየተራ፣ እንደ ቀልድ። እየሳቅን ነበር የምንለው። የሙከራ ጊዜ ላይ ሆነህ፣ ተርባይን ቆሞ፣ ሴት ልጅ ሆነሽ «ድሮም…» የሚል ሰው ሊኖር እንደሚችል እያወቅሽ ስትይው አያስቅም።

ጓደኛዬ አየኝ። ለምን አላለኝም። ወደ ማብሪያው ሄዶ ጓጉንቸሩን ፈታና ኪሱ ከተተ። ብቻውን መውጣት አይፈቀድም፣ ስለዚህ የእኔ እምቢታ የእሱም ሆነ። ለአለቃችን የደወለው እሱ ነው፤ «ዛሬ አንወጣም፣ ነገ ጠዋት» አለ። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «እሺ» የሚል ተሰማ። ማማው ሥር፣ ገበሬው ያረሰው ማሳ ዳር ተቀምጠን ከፔርሙዝ ሻይ ጠጣን። አያትሽ ስንት ዓመታቸው ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ሌሊት ተኛሁ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለታችንም ቆልፈን ወጣን። እሱ ከኋላዬ ነው፤ በየማረፊያው የመንጠቆው ድምፅ ቃ፣ ቃ ሲል ይሰማኛል፣ ሁለት ጊዜ። ጫፍ ደርሰን የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፈትኩ። ቴስተሬን አወጣሁና መጀመሪያ የሥራ መብራቱ የተሰካበት ሶኬት ላይ ሞከርኩት።

ጮኸ።