ያለ ጠበቃ የቆሙትን የቆጠሩት መምህር

ልጆቻችን «ሕግ እናጠናለን» ሲሉን ብዙዎቻችን የሚታየን ካባ የለበሰ ዳኛ ወይም ገበያው የደራ ጠበቃ ነው። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። እርሱም ሕጉ ለድሃው በእርግጥ ደርሶ እንደሆነ የሚመረምር የምሁር ሕይወት ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆኑን እንግሊዛዊውን የሕግ ምሁር ማይክል ዛንደርን እንመልከት።

ዛንደር ከ1963 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እንግሊዝ አቅም ለሌላቸው የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበትን ሕግ ያወጣችው በ1949 ነበር። ሆኖም ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ተከሳሹ ዘንድ መድረሱ ሌላ ነው። ዛንደር በ1969 በወንጀል ችሎት ያለ ጠበቃ ስለሚቆሙ ተከሳሾች ጥናት አሳተሙ። ተከሳሽ አፍ አለው፤ ነገር ግን የትኛው ቃሉ እንደሚጠቅመውና የትኛው እንደሚጎዳው የሚነግረው ከሌለ አፉ ራሱ ጠላት ሊሆነው ይችላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በበርሚንግሃም ከተማ ለደረሰ የቦምብ ጥቃት በ1975 የተፈረደባቸው ስድስት አየርላንዳውያን፣ ጥፋተኛ ከተባሉባቸው ማስረጃዎች አንዱ በፖሊስ እጅ ሳሉ የሰጡት ቃል ነበር። ፍርዱ ተሽሮ የተፈቱት ግን ከ16 ዓመታት በኋላ፣ በ1991 ነው። በመካከሉ በ1984 የወጣ ሕግ በፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ሰው ጠበቃ የማማከር መብት እንዳለው ደነገገ።

ስድስቱ በተፈቱበት ዓመት መንግሥት የወንጀል ፍትሕን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ዛንደርም አባል ሆኑ። 3,000 ያህል መዝገቦችን መሠረት አድርገው ዳኞችን፣ ጠበቆችን፣ ፖሊሶችንና ተከሳሾችን ጠየቁ። በ1993 ኮሚሽኑ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ባላመኑባቸው ነጥቦች ላይ የልዩነት ሐሳባቸውን በጽሑፍ አሰፈሩ። በኮሚሽኑ ምክር መሠረት የተጠረጠሩ ፍርዶችን እንደገና የሚመረምር ነጻ አካል በ1997 ሥራ ጀመረ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጃችን ችሎት ገብቶ ያለ ጠበቃ የቆሙትን እየቆጠረ መጻፍ ቢያምረው «ይህ ምን እንጀራ ይሆንሃል?» ብለን አንመልሰው። በቁጥር ያልታወቀን በደል የሚያርመው የለምና።