የ«ሲስተም» ባለቤት ማን ነው? የኮምፒዩተር አገልግሎት የሥራ ድርሻና ኃላፊነት በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ እንዲሁም በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ባንክ ገንዘብ የሚከፍለው፣ ጤና ጣቢያ ሪፖርቱን የሚልከው፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሒሳቡን የሚመዘግበው፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን የሚቀበለው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ በኮምፒዩተር እየሆነ መጥቷል። ሥራው ሲቋረጥ ለባለጉዳዩ በየመስኮቱ የሚሰጠው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ሲሆን፣ ይህ አጭር መልስ ምን እንደተበላሸ፣ ማን እየጠገነው እንደሆነና አገልግሎቱ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። ሲስተም የሚባለው ግን እንደ በልግ ዝናብ ሲመጣ የሚመጣ፣ ሲቀር የሚቀር ነገር አይደለም፤ ሰዎች አስበው ያሠሩት፣ ሰዎች የሠሩት፣ ሰዎች በየዕለቱ የሚጠብቁት የሥራ ውጤት ነው። የእነዚህን ሰዎች ድርሻ ለይቶ የሚያስቀምጠው የሙያ ዘርፍ የአይቲ አገልግሎት አስተዳደር ይባላል፤ አይቲ የሚለው ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን ያሳጥራል።

የዘርፉ መነሻ ሐሳብ መሣሪያንና አገልግሎትን መለየት ነው። ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎች ኮምፒዩተሮች መረጃና ፕሮግራም የሚያቀርበው ዋና ኮምፒዩተር፣ እንዲሁም የኔትወርክ መስመሩና ሶፍትዌሩ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ አገልግሎት የሚባለው ተጠቃሚው በእነሱ አማካይነት የሚፈጽመው ጉዳይ ነው። አርሶ አደሩ የቡና ሽያጭ ገንዘቡን ከሒሳቡ ለማውጣት ሲመጣ የሚፈልገው ገንዘቡን እንጂ ሰርቨሩን አይደለም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ በደህና እየሠራ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ለእርሱ አገልግሎቱ የለም። ይህን ሐሳብ በስፋት ያደራጀው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መንግሥት ማዕከላዊ የኮምፒዩተርና የቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ሲሆን፣ የተሻሉ አሠራሮችን ሰብስቦ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ መጻሕፍት አሳተማቸው። ስብስቡ አይቲል በሚለው ምህጻረ ቃል ይታወቃል፤ አራተኛው ትውልዱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይኤስኦ 20000 የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ መስፈርት በዚሁ መስክ ታትሟል።

በኢትዮጵያ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መሣሪያንና አገልግሎትን ከመለየት ጥያቄ ጋር የተዋወቁት በተለይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በተዘረጋው በወረዳኔት ነው። ወረዳኔት ፌዴራልን፣ ክልልንና ወረዳን በሳተላይትና በፋይበር መስመር አገናኝቶ የቪዲዮ ስብሰባንና የመረጃ ልውውጥን ያስቻለ የመንግሥት መረብ ሲሆን፣ መሣሪያ በወረዳ ደረጃ መትከልና መሣሪያውን ዘወትር አገልግሎት ላይ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ተከላው የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ጥበቃው ግን የለውም።

የአገልግሎት ጠባቂዎች

በአገልግሎት አስተዳደር የመጀመሪያው ሰው የአገልግሎት ባለቤት ነው። ይህ ሰው አገልግሎቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ በምን ያህል ፍጥነትና ጥራት መሰጠት እንዳለበት የሚወስንና በመጨረሻ ስለ ውጤቱ የሚጠየቅ ነው እንጂ የግድ የኮምፒዩተር ባለሙያ መሆን የለበትም። በጭሮ የሚገኘውን ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲን ለምሳሌ ብንወስድ፣ የተማሪዎች ምዝገባ አገልግሎት ባለቤት ሊሆን የሚገባው ሬጅስትራር ነው፤ ምክንያቱም ምዝገባ ቢስተጓጎል የሚጎዳው ሥራ የእርሱ ነውና። ባለቤቱ ከቴክኒክ ክፍሉ ጋር የሚገባው ስምምነት የአገልግሎት ደረጃ ስምምነት ሲባል፣ አገልግሎቱ በየትኞቹ ሰዓቶች ክፍት እንደሚሆን፣ ቢቋረጥ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመለስና ማን ለማን እንደሚያሳውቅ በጽሑፍ ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ሰርቪስ ዴስክ የሚባለው የተጠቃሚዎች መቀበያ ነው። ማንኛውም ብልሽት ወይም ጥያቄ በአንድ በር ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይመዘገባል፣ የአጣዳፊነቱ ደረጃ ይለያል። ሠራተኛው የሚያውቀውን ባለሙያ በግል ስልክ እየጠራ የሚያስጠግንበት አሠራር ፈጣን ቢመስልም፣ ብልሽቱ ስለማይመዘገብ በዓመቱ መጨረሻ ምን ስንት ጊዜ እንደተበላሸ የሚያውቅ አይኖርም፤ ያልተመዘገበ ችግርም በጀት አያገኝም። ከመቀበያው ጀርባ የድጋፍ እርከኖች ይሰለፋሉ፦ የመጀመሪያው እርከን ቀላሉን ችግር በስልክ ይፈታል፣ ሁለተኛው ጠለቅ ያለ ዕውቀት ያለው ባለሙያ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሶፍትዌሩን የሠራው ወይም ያቀረበው ድርጅት ነው። ይህ አደረጃጀት ለምዕራብ ሐረርጌ ልዩ ትርጉም አለው፤ በጨርጨር ደጋማ መንገዶች ከጭሮ ገለምሶ ድረስ ባለሙያ መላክ የግማሽ ቀን ሥራን ሊበላ ስለሚችል፣ በስልክ ሊፈታ የሚችለውን ከማይችለው አስቀድሞ መለየት መኪናንም፣ ነዳጅንም፣ የባለጉዳይን ጊዜም ያድናል።

ሦስተኛው ድርሻ በክስተትና በችግር መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ክስተት የሚባለው አገልግሎቱ የተቋረጠበት አንድ አጋጣሚ ሲሆን፣ የክስተት አስተባባሪው ዓላማ በማንኛውም ተገቢ መንገድ አገልግሎቱን ቶሎ መመለስ ነው። ችግር የሚባለው ግን ክስተቶቹን የሚወልደው ሥር ነው፤ የችግር አስተባባሪው ድርሻ ጊዜ ወስዶ ይህን ሥር መፈለግ ነው። አንዱ የበሽተኛውን ትኩሳት እንደማብረድ ሲሆን ሌላው ደሙን መርምሮ ወባውን እንደማግኘት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩን እየሄደ የሚያስነሳ ሰው ክስተትን ይፈታል፤ የመጠባበቂያው ባትሪ ለምን እንደማይዝ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ሰርቨሩ በሚቀጥለውም ሳምንት ይወድቃል።

አራተኛው የለውጥ ፈቃድ ሰጪ ነው። በሥራ ላይ ያለን ሥርዓት ማሻሻል ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ለውጡ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚነካ፣ መቼ እንደሚገባ፣ ቢበላሽ እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ መመርመርና መጽደቅ አለበት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ሁኔታ ሲፈጠር፣ ባንኩ ምክንያቱ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታውቋል፤ ገንዘቡን ካወጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙዎች ነበሩ። በማዕከል የገባ አንድ ለውጥ በአንድ ሌሊት በየክልሉ ከተሞች የሚገኙ ደንበኞችን ሊነካ እንደሚችል ይህ ሁኔታ ለሁሉም ግልጽ አድርጓል። የለውጥ ጊዜን መምረጥም ከዚሁ ድርሻ ይመደባል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ሳምንት የፋይናንስ ሶፍትዌርን መቀየር ብልህነት አይሆንም።

የሶፍትዌር ሠሪዎች

አገልግሎት ከመጠበቁ በፊት የሚሠራበት ፕሮጀክት አለ፤ በዚያም ድርሻዎቹ ሌሎች ናቸው። ስፖንሰር የሚባለው ገንዘቡን የሚፈቅደውና የፕሮጀክቱን አስፈላጊነት በበላይ አመራር ፊት የሚከላከለው ኃላፊ ነው። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ጊዜን፣ ወጪንና የሥራ ቅደም ተከተልን ያስተባብራል። የሥራ ፍላጎት ተንታኝ የተጠቃሚውን አሠራር አጥንቶ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ አልሚው፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባለሙያ፣ ጽሑፉን ወደ ሶፍትዌር ይለውጣል፤ ፈታሹ ሶፍትዌሩ የተባለውን መፈጸሙን ከአልሚው ተለይቶ ይመረምራል።

ከእነዚህ ሁሉ በጥልቅ መታየት ያለበት የፍላጎት ተንታኙ ሥራ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ደረጃ ነውና። የውጭው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እዚህ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የውጭው ሰነድ የሚያውቀው 12 ወራትን ነው፤ እዚህ ግን 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አለች፤ የቀኑ ሰዓትም የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ በበዴሳ ወይም በሂርና የሚቀመጥ መዝጋቢ በቁቤ የሚጽፈውን ስም ማዕከል ያለው ባለሙያ በአማርኛ ፊደል ሊያየው ይችላል፤ አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሁለት ሰው ሆኖ እንዳይመዘገብ አስቀድሞ ማሰብ የተንታኙ ድርሻ ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማውና የኢትዮጵያ ጤና ዘርፍ ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር እንዲቀበል ተደርጎ መሠራቱ፣ ይህ ድርሻ በአግባቡ ሲወጣ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ ያሳያል።

የሥራ ድርሻዎችን ቁጥር በመቀነስ የታወቀው የሶፍትዌር ሥራ ዘዴ ስክረም ነው። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር በ1995 እ.ኤ.አ. ለሙያ ጉባኤ ያቀረቡት ይህ ዘዴ በቡድኑ ውስጥ ሦስት ኃላፊነቶችን ብቻ ያውቃል፦ ከሥራዎች ሁሉ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነውን የምርት ባለቤት፣ ዘዴው በትክክል እንዲሠራበት የሚረዳውንና እንቅፋት የሚያስወግደውን ስክረም ማስተር፣ እንዲሁም አልሚዎችን። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሰው አይበልጥም፤ ሥራውም ከአንድ ወር በማይበልጥ አጭር ዙር እየተከፋፈለ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ለተጠቃሚው ይታያል። የሰው ቁጥር በራሱ መፍትሔ እንዳልሆነ ቀደም ብሎ ያስተማረው በአይቢኤም ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ሲሆን፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል፤ አዲስ የመጣውን ማስተማርና በብዙ ሰዎች መካከል መግባባት ራሱ ጊዜ ይበላልና።

ሠሪና ተጠያቂ

በአማርኛ «ኃላፊ» የሚለው ቃል ሥራውን የሚሠራውንም፣ የሚያዝዘውንም፣ ስለ ውጤቱ የሚጠየቀውንም ስለሚያቅፍ፣ የሙያው ዋና ትምህርት በቀላሉ ይደበዝዛል። ድርሻን ለመለየት በስፋት የሚሠራበት ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ዓይነት ሰዎችን ያስቀምጣል፦ ሥራውን የሚሠራውን፣ ስለ ውጤቱ የሚጠየቀውን፣ ከውሳኔ በፊት ምክሩ የሚጠየቀውንና ከውሳኔ በኋላ እንዲያውቀው የሚደረገውን። ሠሪዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተጠያቂው ግን ለአንድ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ተጠያቂ ያለው ሥራ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ተጠያቂ ወደሌለው ሥራ ይለወጣልና።

ይህ አስተሳሰብ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች እንግዳ አይደለም። ንብረት በሞዴል 20 ቅጽ ተጠይቆ፣ በሌላ ሰው ጸድቆ፣ በሞዴል 22 ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ መዝጋቢ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው አልሚ ራሱ ፈትሾ ራሱ አጽድቆ ራሱ ሥራ ላይ እንዳያውለው የሚከለክለው ደንብ ከዚሁ ምንጭ የሚቀዳ ነው፤ ጠያቂው፣ አጽዳቂውና አውጪው አንድ ሰው በሆኑበት ግምጃ ቤት ስህተትም ስርቆትም እኩል ይደበቃሉና።

በዞንና በወረዳ ከተሞች ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ያለው የአይቲ ባለሙያ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ይህ ሁሉ ድርሻ ለማን ይከፋፈላል? «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደሚባለው፣ ያው ባለሙያ ፕሪንተር እየጠገነ፣ ቃለ ጉባኤ እየጻፈ፣ ኔትወርክ እየዘረጋ የችግርን ሥር ሊመረምር አይችልም። መልሱ ድርሻ የሰው ቁጥር አለመሆኑን መረዳት ነው፤ አንድ ሰው ሦስት ድርሻ ሊይዝ ይችላል፣ ድርሻዎቹ ግን በወረቀት ተለይተው መታወቅ አለባቸው። ጠዋቱ ለክስተት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለችግር ምርመራ ሊመደብ ይችላል፤ የአገልግሎት ባለቤትነት ወደ ሥራ ክፍሉ ኃላፊ ሊመለስ ይችላል፤ የለውጥ ፈቃድ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ሁለት ድርሻዎች ብቻ በአንድ እጅ መውደቅ የለባቸውም፦ ለውጥን መሥራትና ያንኑ ለውጥ ማጽደቅ።

የድርሻ ትልቁ ፈተና ርክክብ ነው። ባለሙያው ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የይለፍ ቃሉ፣ የመስመሩ ንድፍና የብልሽቶቹ ታሪክ በጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ካሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ከሠራተኛው ጋር አገልግሎቱንም ያጣል። ሥርዓት ያለው ርክክብ ግን ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ የጭሮው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደበት ኦዳ ቡልቱም በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ከሚታወቁት ታላላቅ የኦዳ ጉባኤ ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ሥርዓት ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው በታወቀ ሥነ ሥርዓት ያስተላልፋል።  ሥልጣን ከሰው የሚለይና የሚተላለፍ ነገር መሆኑን የሚያውቅ አገር፣ የአንድ ሰርቨር ቁልፍ ከአንድ ሰው ጋር እንዳይሄድ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ባህል ከሩቅ መዋስ የለበትም።

ድርሻ ሲለይ የመስኮቱ መልስም ይለወጣል። የገለምሶው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ከመባል ይልቅ መስመሩ እንደተቋረጠ፣ ጥሪው ተመዝግቦ ለሁለተኛው እርከን እንደተላለፈ፣ ከ9 ሰዓት በፊትም እንደሚመለስ ይነገረዋል። ብልሽት እስከ ዓለም ፍጻሜ ይኖራል፤ ባለጉዳዩ ግን ገበያውን ጨርሶ መመለስ ወይም አገሩ ገብቶ ማግስት መምጣት እንዳለበት ራሱ መወሰን ይችላል። ይህን ውሳኔ በእጁ የሚያኖርለት፣ የአገልግሎቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አስቀድሞ የጻፈ መሥሪያ ቤት ነው።