ሃሪ ፖተርን ለማንበብ የወላጅ ፊርማ

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ሲዳርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ቦርድ ተሰብስቦ በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ላይ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ። መጻሕፍቱ አልተቃጠሉም፣ ከግቢም አልወጡም። ከመደርደሪያ ተነሥተው ተማሪ እንደልቡ በማይደርስበት ቦታ እንዲቀመጡ፣ መዋስ የፈለገ ልጅም ወላጁ የፈረመበት ወረቀት እንዲያመጣ ነው የተወሰነው። ጉዳዩን አስቀድሞ የመረመረው የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ግን 15 ለ 0 በሆነ ድምፅ ባሉበት ይቆዩ ብሎ ነበር።

ላይ ላዩን ሲያዩት ለዘብ ያለ ውሳኔ ነው። ወላጅ ይፈርም ማለት ምን ክፋት አለው? የአንዲት ተማሪ ወላጆች ግን ቦርዱን ፌዴራል ፍርድ ቤት ገተሩት። የሚገርመው ልጅቷ ፈቃዱ ነበራት፤ ወላጆቿ ፈርመውላታል። ታዲያ ምኗ ተጎዳ የሚለው የተከሳሽ ክርክር ቀላል አልነበረም። ዳኛው በ2003 በሰጡት ፍርድ የተቀበሉት ግን የልጅቷን ወገን ነው። ፈቃድ ያላት ልጅም ብትሆን መጽሐፉን እንደ ሌሎቹ ከመደርደሪያ አንሥታ ማገላበጥ አትችልም፣ የግድ ሠራተኛ ፈልጋ መጠየቅ አለባት፤ ደግሞም "ጥሩ ያልሆነ" የሚል ስም የወጣለትን መጽሐፍ ስትወስድ ሰው ያያታል። መጻሕፍቱ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ታዘዘ። ከፍርዱ ኋላ የቆመው በ1982 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርኩ የአይላንድ ትሪስ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው፤ በዚያ ዋናውን ሐሳብ የጻፉት ዳኞች የትምህርት ቦርድ ሐሳቡን ስላልወደደው ብቻ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ማንሣት አይችልም ብለዋል።

የሃሪ ፖተር ተቃዋሚዎች ዋና ክስ ጥንቆላ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18ን የሚያነብ ወላጅ መጽሐፉን በጥርጣሬ ቢያየው ሊሳቅበት አይገባም። ጥንቆላ የሚለው ቃል በእኛም ቤት፣ ቤቱ የኦርቶዶክስም ይሁን የጴንጤ ወይም የሙስሊም፣ እንደ ዋዛ የሚነሣ ቃል አይደለም። ሆኖም ክሱን በቅርብ ስከታተለው ጥንቆላው ፊት ለፊት የቆመ ሰበብ እየመሰለኝ መጣ። በሲዳርቪል ራሱ ከጥንቆላው ጎን ሌላ ስጋት ተነሥቶ ነበር፤ መጻሕፍቱ ልጆችን ለታላቅ አለመታዘዝና ሥርዓት መጣስ ያስተምራሉ የሚል። እኔ ይኼኛውን ስጋት ነው እውነተኛው የምለው። ለልጆች የሚጻፍ የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለድ ጀብዱ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነውና። አዋቂው ገለል ካላለ ጀብዱ የለም። ሃሪ ወላጅ አልባ ነው፤ በ1950 የወጣው የናርኒያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ልጆች በጦርነቱ ምክንያት ከለንደን የተላኩ ናቸው፤ በፊሊፕ ፑልማን መጽሐፍ ደግሞ ላይራ የምትባለው ልጅ የምትፈራቸው ሰዎች የገዛ ወላጆቿ ሆነው ይገኛሉ።

በዚህ ረገድ የማደሊን ሌንግል ታሪክ ከሁሉም ይበልጣል። "ኤ ሪንክል ኢን ታይም" የተባለውን መጽሐፏን 26 ያህል አሳታሚዎች መለሱባት። ለልጅ ይከብዳል፣ ለአዋቂም አይሆንም ነበር ነገሩ፤ በዚያ ላይ የሳይንስ ልብ ወለድ ባለታሪክ ሴት ልጅ መሆኗ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። በ1962 ታተመ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ትልቁን ሽልማት፣ የኒውቤሪን ሜዳሊያ፣ ወሰደ። ሜግ የምትባለው ልጅ የጠፋ ሳይንቲስት አባቷን ፍለጋ ጠፈርን አቋርጣ ትሄዳለች። ሁሉም ልጆች በአንድ ምት ኳስ የሚያነጥሩባት፣ በአንድ አእምሮ የምትገዛ ፕላኔት ላይ ታገኘዋለች። አባቷ ግን ሁሉን ማስተካከል አይችልም፤ ታናሽ ወንድሟን የምታድነው ራሷ ናት። ሜግ በአባቷ ላይ የምትቆጣበት ቦታ፣ በእኔ ንባብ፣ ከጠፈር ጉዞው ሁሉ የበለጠ ደፋር ነው።

ሌንግል አጥባቂ ክርስቲያን ነበረች፤ በኒው ዮርኩ የሴንት ጆን ዘ ዲቫይን ካቴድራል ለረጅም ዓመታት በቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት አገልግላለች። ቢሆንም መጽሐፏ ከክስ አላመለጠም። ጨለማን ከተዋጉት መካከል የኢየሱስ ስም ከሠዓሊዎችና ከሳይንቲስቶች ጋር አብሮ ተጠራ፣ ሩቁን የሚያሳይ የመስታወት ኳስ አለበት፣ ሦስቱ እንግዳ ሴቶች ጠንቋይ ይመስላሉ ተባለ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1990ዎቹ ብዙ አቤቱታ የቀረበባቸውን 100 መጻሕፍት ሲዘረዝር የእሷም ገባ፤ ኒውቤሪን የሚሸልመውም የዚሁ ማኅበር ክፍል ነው። ሃይማኖት የለኝም ብሎ በይፋ የሚናገረው ፑልማን ደግሞ በቀጣዩ አሥር ዓመት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። አማኟና ኢአማኒው በአንድ ዓይነት መዝገብ ላይ መገናኘታቸው ከሳሾቹ ምን እያነበቡ እንደነበር ያስጠይቃል።

ዛሬ ክርክሩ ከጥንቆላ ወደ ዘርና ጾታ ዞሯል። ፔን አሜሪካ የተባለው የጸሐፊዎች ድርጅት በ2023–24 የትምህርት ዘመን ብቻ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ እገዳዎችን ቆጥሯል። ፋንታሲው ግን አልቀረም። ዩታ ግዛት በነሐሴ 2024 ከሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካስወጣቻቸው 13 መጻሕፍት ስድስቱ የሣራ ጄ. ማስ የፋንታሲ ልብ ወለዶች ናቸው። እዚህ ላይ ለከሳሾቹ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ከስድስቱ አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለወጣቶች ተብለው የወጡ፣ በ2020 ግን ሽፋናቸው ተቀይሮ ወደ አዋቂዎች መደርደሪያ የተዛወሩ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው የአልጋ ትዕይንት ግን ከመጀመሪያውም ያው ነበር። ለወጣት ነው ብሎ የሸጠ አሳታሚ ከወቀሳ አያመልጥም።

የዩታ ሕግ የሚሠራበት መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት የትምህርት ወረዳዎች አንድን መጽሐፍ አይሆንም ካሉ በግዛቱ ሁሉ ይነሣል፤ የተቀሩት ወረዳዎች ባይስማሙም ማውጣት ግዴታቸው ነው። አንዲት እናት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ያንብበው ብላ ብትፈርም እንኳ መጽሐፉን ሊያውሰው የሚችል የመንግሥት ትምህርት ቤት የለም። ከየመደርደሪያው የተነሡት ቅጂዎችም እንዳይሸጡና ለማንም እንዳይሰጡ ተከልክሏል።