ማሽኑ የማያየው በር

ሒሳባቸውን ወደምሠራላቸው ትንንሽ ሱቆች ስገባ ካሽ ሬጅስተሩን ትቼ መጀመሪያ የምከፍተው ከሥሩ ያለውን መሳቢያ ነው። የግዢ ደረሰኝ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።

ተክለሃይማኖት አካባቢ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት ደንበኛ አሉኝ። ማሽኑን ካስገቡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። መጀመሪያ ላይ የማታውን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ማጠቃለያ) ማውጣት እየረሱ፣ ወረቀቱም እየተጣበቀባቸው ተማረው ነበር፤ አሁን እጃቸው ለምዶታል። በቅርቡ ግን ተቆጥተው አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህ ማሽን ትርፌን በላው!»

መሳቢያውን ስከፍት ያገኘሁት ሦስት የግዢ ደረሰኝ ነው፤ ሁለቱ ደብዝዘው አይነበቡም። (የማሽን ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ያጠፋዋል፤ በእጃችሁ እንደገባ ፎቶ ኮፒ አድርጉት እያልኩ ስንቴ ለፈለፍኩ!) የቀረው ዕቃ በሙሉ ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ የመጣ ነው።

ቁጭ ብለን አሰላን። አንዱን ዕቃ ያለ ደረሰኝ በ1,000 ብር ገዝተው፣ ቫቱን ጨምረው በ1,200 ይሸጣሉ። ከ1,200ው ውስጥ 15 በመቶው ቫት 156 ብር ከ52 ሳንቲም ነው። የሚቀናነስ የግዢ ቫት ስለሌላቸው ሙሉውን ይከፍላሉ፤ በእጃቸው የሚቀረው 43 ብር ከ48 ሳንቲም።

«አከፋፋዩን በደረሰኝ ስለው እኮ 1,150 ይለኛል!» አሉ።

እሱንም ሠራነው። በግዢ የከፈሉት 150 ብር ቫት ሲቀናነስላቸው፣ ለመንግሥት የሚያስገቡት 6 ብር ከ52 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። በእጃቸው የሚቀረው? ያው 43 ብር ከ48 ሳንቲም! እትዬ ካልኩሌተሩን ከእጄ ነጥቀው እንደገና መቱት።

የ150 ብሩ «ቅናሽ» ሽያጩን ሁሉ በማሽን ለሚቆርጥ ነጋዴ አንዲት ሳንቲም አያተርፍለትም። ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ይብስበታል፦ ሽያጩ አንድም ሳይቀር ተመዝግቧል፤ ለወጪው ግን ማስረጃ የለም። ግብር ሰብሳቢው ወጪውን ካልተቀበለው ዕቃው የተገዛበት 1,000 ብር ራሱ እንደ ትርፍ ግብር ይጣልበታል።

ማሽኑን ግዴታ ያደረገው ደንብ ቁጥር 139 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። እኔ በሥራዬ ያየሁት ቁጥጥር ግን በአብዛኛው ዕቃው ከሱቅ በሚወጣበት በር ላይ የቆመ ነው፤ ዕቃው የሚገባበትን በር ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ያለ ደረሰኝ የገዛ ነጋዴ ደንበኛውን «በቫት ነው ያለ ቫት?» ብሎ ቢጠይቅ ሕግ መጣሱ ነው፤ ጥያቄውን ያስተማረው ግን ጅምላ አከፋፋዩ ነው።

በሳምንቱ እትዬ ከመርካቶ ደወሉልኝ። የተሸካሚዎች ጩኸት ከኋላቸው ይሰማል።

«ደረሰኝ ብለው፣ ‹ማዘር፣ ዕቃውን ይውሰዱ፤ ደረሰኙ ነገ ይደርስዎታል› ይለኛል። ምን ልበለው?»

«ብሩም ነገ ይደርስሃል ይበሉት።»

ሳቁ። ስልኩን ሳይዘጉት ሲነግሩት ሰማሁ።